የግዙፍ ቫይረሶች ፕሮቲኖች ምንጭና «አራተኛው የሕይወት ክፍል» የተባለው መላ ምት

እ.ኤ.አ. በ1992 በእንግሊዝ አገር በብራድፎርድ ከተማ የሳንባ ምች ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። መንሥኤውን ለማጣራት ከአንድ የማቀዝቀዣ ማማ የውኃ ናሙና ተወሰደ። ናሙናውን የመረመሩት ቲሞቲ ሮውቦታም በአሚባ ውስጥ የሚባዛ አንድ ክብ ተሕዋስ አገኙ። ተሕዋሱ በተራ ማይክሮስኮፕ ይታያል፤ በግራም ቀለም ሲነከርም እንደ ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ቀለሙን ይይዛል። ስለዚህ «ብራድፎርድኮከስ» የሚል ስም ተሰጥቶት በማቀዝቀዣ ተቀመጠ። ዐሥር ዓመት ያህል በባክቴሪያነት ከቆየ በኋላ በፈረንሳይ አገር በማርሴይ ከተማ እንደገና ተመረመረ። ማንኛውም ባክቴሪያ ሊያጣው የማይችለው የራይቦዞም አርኤንኤ ዘረመል ቢፈለግ ሊገኝ አልቻለም። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ባለ ሃያ ገጽ የቫይረስ ቅርፊት ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ሲገለጽም ተሕዋስያንን አስመሳይ መሆኑን ለማመልከት «ሚሚቫይረስ» ተባለ። በግራም ቀለም ሥራ ላይ የተቀመጠ ባለሙያ ሁሉ በሮውቦታም ቦታ ቢሆን ያንኑ ስም ባልሰጠው ነበር ብሎ የሚምል ያለ አይመስለኝም።

ግኝቱን የሚነቅፍ የለም። ይህ ጽሑፍ የሚተቸው ከግኝቱ ቀጥሎ የመጣውን መደምደሚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ዲዲዬ ራኡል፣ ዣን-ሚሼል ክላቨሪና የሥራ ባልደረቦቻቸው የሚሚቫይረስን ሙሉ ጂኖም በዚያው መጽሔት አሳተሙ። ጂኖሙ 1,181,404 ጥንድ ቤዞች አሉት። ለማነጻጸር ያህል የኤችአይቪ ጂኖም ዐሥር ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ማይኮፕላዝማ ጄኒታሊየም የተባለው ባክቴሪያ ራሱን ችሎ የሚከፈል ሕዋስ ሆኖ ሳለ ያለው 580 ሺህ ያህል ብቻ ነው። በሚሚቫይረስ ጂኖም ውስጥ ፕሮቲን ሊያስገኙ የሚችሉ 1262 የንባብ ክፍሎች እንዳሉ በዚያ ጽሑፍ ተገመተ።

ከብዛቱም ይበልጥ ያስደነቀው የዘረመሎቹ ዓይነት ነበር። ተማሪ ሳለን ቫይረስ ማለት ባክቴሪያን የሚያስቀር ማጣሪያ የማይዘው፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይ፣ የራሱ የፕሮቲን መሥሪያ የሌለውና በአስተናጋጁ ሕዋስ መሥሪያ የሚገለገል ነው ተብለን ተምረናል። የማጣሪያው መለኪያ ኢቫኖቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1892 የትምባሆ ተክልን በሽታ ካጠኑበት ጊዜ አንሥቶ የኖረ ነው። ሚሚቫይረስ ግን በዙሪያው ካለው ጸጉር መሰል ሽፋን ጋር 0.7 ማይክሮሜትር ያህል ስለሚሆን 0.2 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ባለው ማጣሪያ አያልፍም። በማይክሮስኮፕም ይታያል። ሁለቱ መለኪያዎች በዚሁ ወደቁ። ሦስተኛውን ያነቃነቁት ደግሞ በጂኖሙ ውስጥ የተገኙት አራት የአሚኖአሲል ቲ-አርኤንኤ ሲንተቴዝ ዘረመሎች ናቸው።

እነዚህ ኢንዛይሞች ለሕክምና ባለሙያ እንግዳ አይደሉም። ራይቦዞም ፕሮቲንን የሚሠራው አሚኖ አሲዶችን በተራ በመደርደር ነው፤ እያንዳንዱን አሚኖ አሲድ ከተገቢው ተሸካሚ አርኤንኤ ጋር የሚያጣምደው ሲንተቴዝ ነው። ለሃያዎቹ አሚኖ አሲዶች ሃያ ዓይነት ሲንተቴዝ ይኖራል። ለቆዳ ቁስል የምናዝዘው ሙፒሮሲን ባክቴሪያን የሚያዳክመው ከእነዚህ አንዱን፣ የአይሶሉሲንን ሲንተቴዝ፣ በማገድ ነው። እንዲህ ያለ ኢንዛይም የሕዋስ ብቻ ንብረት ነው ተብሎ ይታመን ስለ ነበር በቫይረስ ውስጥ መገኘቱ በእርግጥ አስደናቂ ነበር።

ጥያቄው እነዚህ ፕሮቲኖች ከየት መጡ የሚል ነው። የ2004ቱ ጽሑፍ ደራስያን ከሦስቱ ዐቢይ የሕይወት ክፍሎች፣ ማለትም ከባክቴሪያ፣ ከአርኪያና ከዩካርዮት፣ ጋር ሊነጻጸሩ የሚችሉ ሰባት ፕሮቲኖችን መረጡ። የሰባቱን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል እንደ አንድ ረጅም ፕሮቲን አያይዘው የዘር ሐረግ ዛፍ ሠሩ። በዛፉ ላይ ሚሚቫይረስ ከዩካርዮቶች ግንድ ሥር ወጥቶ ለብቻው ቆመ። በዚህ ጽሑፍ አኀጽሮት ላይ የሰፈረው ቃል ጠንቃቃ ነው፤ በቫይረስና በሕዋሳዊ ጥገኛ መካከል ያለው ድንበር ለጥያቄ ቀርቧል ከማለት ብዙም አይዘልም። ከማርሴይ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሌላ ጽሑፍ ግን ጥንቃቄውን ትቶ ግዙፍ ቫይረሶችን የያዘ አራተኛ ዐቢይ የሕይወት ክፍል መኖሩን በርእሱ ላይ ዐወጀ። እነዚህ ቫይረሶች ቀድሞ ራሱን የቻለ፣ ዛሬ የጠፋ የሕዋስ ወገን ቅሪት ናቸው፤ ፕሮቲኖቻቸውም ከዚያ የወረሷቸው ናቸው የሚለው ትርጓሜ ከዚህ ዛፍ ጋር ተያይዞ ተስፋፋ።

የዛፉ ችግር ከመሠረቱ ይጀምራል። ሰባት ፕሮቲኖችን በአንድ ሐረግ ማያያዝ ተገቢ የሚሆነው ሰባቱም አንድ ዓይነት ታሪክ ካላቸው ብቻ ነው። ታሪካቸው ከተለያየ ግን ድርጊቱ የሰባት ሕሙማንን ደም በአንድ ብልቃጥ ቀላቅሎ መርምሮ ውጤቱን በአንድ ሰው የሕክምና ካርድ ላይ እንደ መመዝገብ ነው። ውጤቱ አኀዝ አለው፤ የአኀዙ ባለቤት ግን በአልጋ ላይ የለም። ዴቪድ ሞሬራና ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያው መጽሔት ባቀረቡት ትችት ይህንኑ ነጥብ አነሡ፦ ዘረመሎቹ በየራሳቸው ሲመረመሩ ከመካከላቸው ከአስተናጋጁ አሚባ ወገን የተወሰዱ የሚመስሉ አሉ። የ2004ቱ ደራስያን መልስ ሰጡ፤ ክርክሩም በዚያ አላበቃም።

ሁለተኛው ችግር ረቂቅ ቢሆንም ማለፍ አይገባም። የቫይረስ ፕሮቲኖች ከሕዋስ ፕሮቲኖች ይልቅ በፍጥነት ይለዋወጣሉ። በፍጥነት የተለዋወጠ ቅደም ተከተል በዛፍ ላይ ረጅም ቅርንጫፍ ይሆናል። ቀላል የስሌት ዘዴ ረጃጅም ቅርንጫፎችን እርስ በርሳቸው ያሳስባቸዋል፤ ዘመድ ባይሆኑም ጎን ለጎን ወይም ወደ ዛፉ ሥር ይሰበስባቸዋል። ጥንታዊ የሚመስለው ፕሮቲን እንግዲህ በቅርቡ ተወስዶ በፍጥነት የተለወጠ ሊሆን ይችላል። በሕፃናት ክፍል የሠራ ባለሙያ የሰውነት መቀጨጭን አይቶ ዕድሜን መገመት ምን ያህል እንደሚያሳስት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ቶም ዊልያምስ፣ ማርቲን ኤምብሊና ኢቫ ሃይንዝ የለውጡን ፍጥነትና የአሚኖ አሲዶቹን ልዩነት በተሻለ ሁኔታ የሚያገናዝብ ዘዴ ተጠቅመው እነዚያኑ የመረጃ ተሸካሚ ዘረመሎች እንደገና ሲመረምሩ አራተኛው ክፍል ድጋፍ አላገኘም።

ይህ ሁሉ ሆኖ መላ ምቱ ወዲያው አልሞተም፤ እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2011 ጠንካራ የሚመስል ማስረጃ አገኘ። ከቺሊ ባሕር ዳርቻ የተገኘው ሜጋቫይረስ ሰባት ሲንተቴዞች እንዳሉት ታወቀ። አራቱ የሚሚቫይረስ ናቸው፤ ሦስት ደግሞ አዲስ ተጨምረዋል። የክላቨሪ ቡድን ክርክር እንዲህ የሚል ነበር፦ የሁለቱ የጋራ አባት ቢያንስ ሰባት ነበረው፤ ሚሚቫይረስ ሦስቱን ጥሏል፤ ወደ ኋላ በሄድን መጠን ቁጥሩ ይጨምራል፤ በመጨረሻ ሃያውንም የያዘ ሕዋስ ላይ እንደርሳለን። ክርክሩ ውብ ነው፤ ሊፈተን የሚችል መሆኑም የሚያስመሰግነው ነው። ሃያውን ወይም ወደ ሃያ የሚጠጋ ቁጥር የያዘ ቫይረስ ቢገኝና የእያንዳንዱ ሲንተቴዝ ዛፍ ወደ አንድ ጥንታዊ ምንጭ ቢያመለክት መላ ምቱ ይጸናል። ቁጥሩ ተገኝቶ ዛፎቹ ካልተስማሙ ይወድቃል።

ፈተናው የመጣው ከአንድ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። በኦስትሪያ በክሎስተርኖይቡርግ ከተማ ከሚገኘው ማጣሪያ በተወሰደ ዝቃጭ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ በጅምላ ሲያነብቡ የነበሩ ተመራማሪዎች ያልታወቀ ግዙፍ ቫይረስ ጂኖም አገኙ። ቫይረሱን ራሱን በዓይናቸው አላዩትም፤ ያነበቡት ጂኖሙን ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በሳይንስ መጽሔት የታተመው ይህ «ክሎስኖይቫይረስ» 1.57 ሚሊዮን ጥንድ ቤዞች ያሉት ሲሆን ለ19 አሚኖ አሲዶች ሲንተቴዝ ይዟል። ቁጥሩ እንደ ተተነበየው መጣ። ፍሬደሪክ ሹልዝ፣ ታንያ ዎይኬ፣ ዩጂን ኩኒንና ባልደረቦቻቸው ግን ቀድሞ ሳይደረግ የቀረውን አደረጉ፤ ለእያንዳንዱ ሲንተቴዝ ለብቻው ዛፍ ሠሩለት። ዛፎቹ አልተስማሙም። አንዱ ሲንተቴዝ ከአንድ የዩካርዮት ወገን መካከል ይወጣል፤ ሌላው ከሌላ ወገን፤ ዘመናቸውም አንድ አይደለም። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት መደምደሚያ አንድ አነስተኛ ቫይረስ በየጊዜው ካገኛቸው አስተናጋጆች አንድ በአንድ እየለቀመ አደገ የሚል ነው።

የዚህን ሥራ ክብደት ለመረዳት አንድ ነገር ማስታወስ ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2004 ለማነጻጸሪያ የሚሆኑ የተነበቡ የአሚባና የሌሎች ጥቃቅን ዩካርዮቶች ጂኖሞች ጥቂት ነበሩ። የተሰረቀ ዕቃ ባለቤቱ በመዝገብ ላይ ካልተመዘገበ ዕቃው የሌባው የአያት ቅርስ ይመስላል። ስለዚህ የ2004ቱን ደራስያን በወቅቱ ያልነበረ መረጃ አላያችሁም ብሎ መክሰስ አግባብ አይሆንም። ሊወቀሱ የሚገባቸው ዘረመሎቹን ለየብቻ የማየት ዕድል እያላቸው በቅጥልጥሉ ዛፍ ላይ ይህን ያህል ክብደት በመጫናቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በብራዚል ከሶዳማ ሐይቅና ከጥልቅ ባሕር ዝቃጭ የተገኙት ቱፓንቫይረሶች ሃያውንም ሲንተቴዝ ይዘው ቀረቡ። ራይቦዞም ግን የላቸውም። ሃያውን ጭነት አሟልቶ ማሽኑ የሌለው ፋብሪካ መሆኑ ነው። ከጥንታዊ ሕዋስ ቅሪትነት ይልቅ አስተናጋጁ ሲዳከም የፕሮቲን ሥራውን ለመደገፍ የሚያገለግል ስንቅ ነው ቢባል ለእኔ ይበልጥ ይዋጥልኛል፤ ይህ የእኔ ግምት መሆኑን ግን አልሸሽግም።

በሌላ መንገድ መላ ምቱን ለማዳን የተሞከረውንም ላንሣ። አርሻን ናሲርና ጉስታቮ ካዬታኖ-አኖሌስ እ.ኤ.አ. በ2012 ቅደም ተከተልን ትተው የፕሮቲኖችን አጣጣፍ፣ ማለትም ሦስት ገጽታ ያለውን ቅርጻቸውን፣ ቆጠሩ። ቅርጽ ከቅደም ተከተል ይልቅ ለረጅም ዘመን ስለሚጠበቅ ሐሳቡ መልካም ነው። በዘዴው ግን የዛፉ ሥር ምንም ቅርጽ የሌለው አባት ነው ተብሎ ይታሰባል። እንዲህ ከታሰበ ጥቂት የቅርጽ ዓይነት ያለው ሁሉ ወደ ሥሩ መጠጋቱ አይቀርም፤ ቫይረሶችም ጥቂት ስላሏቸው ጥንታዊ ሆነው ታዩ። ድኻ ሁሉ ሽማግሌ ነው እንደ ማለት ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ይህንኑ ነቅሰው አውጥተዋል።

ታዲያ ግዙፍ ቫይረሶች ዘራፊዎች ብቻ ናቸው? በዚህ በኩል ያለው ወገንም ከትችት አያመልጥም። ሞሬራና ሎፔዝ-ጋርሲያ እ.ኤ.አ. በ2009 ቫይረሶች ከሕይወት ዛፍ መውጣት አለባቸው የሚሉበትን ዐሥር ምክንያት ዘርዝረው ሲጽፉ ቫይረስን በዋነኛነት የሕዋስ ዘረመል ኪስ አውላቂ አድርገው ሥለዋል። የ2004ቱ ጽሑፍ ራሱ ግን ከ1262ቱ የንባብ ክፍሎች ውስጥ ሥራቸው ከሚታወቅ ፕሮቲኖች ጋር የሚመሳሰሉት 10 በመቶ መሆናቸውን ገልጾ ነበር። ክርክሩ ሁሉ የተካሄደው በዚያ በታወቀው ጥቂት ክፍል ላይ ነው። የቀረው አብዛኛው ፕሮቲን ከማን ተሰረቀ? ባለቤቱ ያልታወቀ ንብረት ሁሉ የተሰረቀ ነው ማለት አይቻልም።

በዚህ ላይ ብርሃን የፈነጠቁት ፓንዶራቫይረሶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከቺሊ የባሕር ዳርቻ ዝቃጭና በአውስትራሊያ በሜልቦርን አቅራቢያ ካለ ኩሬ የተገኙት ሁለቱ ቫይረሶች ጂኖም በየተራ 2.5 ሚሊዮንና 1.9 ሚሊዮን ጥንድ ቤዞች ይጠጋል። ከትልቁ ቫይረስ ፕሮቲኖች ከ90 በመቶ የሚበልጡት በመዝገብ ላይ ካለ ከማንኛውም ፕሮቲን ጋር አልተመሳሰሉም። ያን ጊዜም የማይታወቅ የጥንት ሕዋስ ወገን ቅሪት ናቸው የሚል ግምት ተሰነዘረ። ነገር ግን ክላቨሪና ሻንታል አቤርዤል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ተጨማሪ ፓንዶራቫይረሶችን አግኝተው እርስ በርስ ሲያነጻጽሩ ሌላ ነገር ታየ። እያንዳንዱ ዝርያ ለብቻው የያዛቸው፣ በቅርብ ዘመዱ እንኳ የሌሉ ዘረመሎች ነበሩ። የእነዚህ ዘረመሎች የቤዝ ስብጥር ፕሮቲን ከሚያስገኙት ነባር ዘረመሎች ይልቅ በዘረመሎች መካከል ወዳለው ባዶ ወደሚመስለው ዲኤንኤ ያደላል። ትርጓሜው ባዶ የነበረው ጽሑፍ በሚውቴሽን ተነባቢ እየሆነ አዲስ ፕሮቲን እዚያው በቫይረሱ ውስጥ ይወለዳል የሚል ነው። ከአያት ያልተወረሰ፣ ከጎረቤትም ያልተወሰደ ፕሮቲን ማለት ነው። ይህን ያቀረቡት ቀድሞ የጥንታዊ ሕዋስ ቅሪትነትን አጥብቀው ይሟገቱ የነበሩት ተመራማሪዎች መሆናቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ሂሱ ሚዛን ያጣል። የራስን መላ ምት የሚጎዳ ውጤት በራስ ስም ማሳተም በሙያችን የተለመደ ነገር አይደለም።

ሌላው ምንጭ ብዜት ነው። በሚሚቫይረስ ውስጥ ከዘረመሎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት እዚያው ጂኖም ውስጥ ዘመድ አላቸው፤ አንዱ ዘረመል ተባዝቶ ቅጂዎቹ እየተለያዩ መሄዳቸውን ያሳያል።

ከዚህ ሁሉ በታች ግን በጋራ የተወረሰ ጥቂት መሠረት አለ። አብዛኞቹ ግዙፍ ቫይረሶች ከፈንጣጣ ቤተሰብ ቫይረሶችና ከአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ጋር የሚጋሯቸው እንደ ዲኤንኤ ፖሊሜሬዝና ዲኤንኤን ወደ ቅርፊት እንደሚያስገባው ኢንዛይም ያሉ ፕሮቲኖች አሉ። ናታልያ ዩቲን፣ ዩሪ ዎልፍና ኩኒን እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን መሠረት ተከትለው ግዙፍነት በተለያዩ ወገኖች በተለያየ ጊዜ ከትናንሽ ቫይረሶች ተነሥቶ መገኘቱን አሳይተዋል። ዓለም አቀፉ የቫይረስ ስያሜ ኮሚቴም ዛሬ እነዚህን ሁሉ ኒውክሊዮሳይቶቪሪኮታ በሚል አንድ ክፍለ ስፍን ሥር መድቧቸዋል። መሠረቱ ጥንታዊ መሆኑን የሚክድ የለም። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት የእነዚህ ቫይረሶች ወገኖች መለያየት ከዛሬዎቹ ዩካርዮቶች የጋራ አባት እንደሚቀድም፣ ከአርኤንኤ ፖሊሜሬዞችም መካከል አቅጣጫው ከቫይረስ ወደ ሕዋስ የሆነ ዝውውር ሊኖር እንደሚችል አመልክቷል። እንግዲህ ሰጪና ተቀባይ ሁልጊዜ በአንድ በኩል አይቆሙም። ጥንታዊ መሆን ግን አንድ ነገር ነው፤ የሕዋስ ቅሪት መሆን ሌላ ነው። የ2010ሩ ጽሑፍ ትልቁ ስሕተት ሁለቱን እንደ አንድ መቁጠሩ ይመስለኛል።

በዚህ ክርክር ውስጥ በቀጥታ ወደ እኛ ሥራ የሚገባ አንድ ክፍል አለ። ሚሚቫይረስ የተገኘው በሳንባ ምች ምርመራ ወቅት ስለ ነበር ቫይረሱ ራሱ የሳንባ ምች ያመጣ ይሆን የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። በምች ከታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ ሚሚቫይረስን የሚያውቁ አንቲቦዲዎች መገኘታቸው ተዘገበ፤ በሆስፒታል የሚያዝ ምች መንሥኤ ሊሆን ይችላል የሚል ግምትም ተስፋፋ። በፒሲአር ቫይረሱን ራሱን በሕሙማን ናሙና ውስጥ የፈለጉ ጥናቶች ግን በአብዛኛው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቆየት ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ቱላሬሚያ የያዛቸው ሕሙማን የደም ውኃ የሚሚቫይረስን የቅርፊት ፕሮቲን እንደሚያውቅ ከዚያው ከማርሴይ ተዘገበ። ቱላሬሚያን የሚያመጣው ባክቴሪያ ነው። አንቲቦዲው የያዘው መመሳሰልን እንጂ ማንነትን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 ከአንዲት ቱኒዚያዊት የምች ሕመምተኛ ቫይረሱን በአሚባ ላይ ማሳደግ መቻሉ ተዘግቧል፤ መገኘት ግን ማሳመም እንዳልሆነ ከጉሮሮ ናሙና ጋር የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በሲንተቴዞቹ ዛፍ ላይ የተፈጸመው ስሕተትና በአንቲቦዲው ላይ የተፈጸመው ስሕተት አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱም ቦታ የሁለት ፕሮቲኖች መመሳሰል ያለ ተጨማሪ ጥያቄ የታሪክ ምስክር ሆኖ ተቆጠረ።

አንባቢ ስለ አሚባ ቫይረስ ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ ቢል ከዘመዶቹ አንዱን እንመልከት። ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በኦገስት 1976 ነው፤ በቀጣዩ ዓመት በሶማሊያ ከታየ በኋላ በተፈጥሮ የሚተላለፈው ፈንጣጣ አበቃ። ፈንጣጣና ለክትባቱ ያገለገለው ቫክሲኒያ ቫይረስ ከግዙፎቹ ጋር በአንድ ክፍለ ስፍን ውስጥ ይመደባሉ፤ እንደ እነርሱም ከአስተናጋጅ የተወሰዱ ፕሮቲኖችን ይይዛሉ። በኤችአይቪ ሕሙማን ፊት ላይ አዘውትረን የምናየው ሞለስከም ኮንታጂየሰም ቫይረስ ግሉታታየን ፐርኦክሲዴዝ የተባለውን የሕዋስ ኢንዛይም የሚመስል ፕሮቲን አለው፤ የያዘውን ሕዋስ በፀሐይ ጨረርና በፐርኦክሳይድ ከመሞት ይጠብቅበታል። ቫክሲኒያ ደግሞ ኬ3ኤል የተባለ ዘረመል አለው። የዚህ ዘረመል ፕሮቲን የሕዋሱን የፕሮቲን ማስጀመሪያ፣ ኢአይኤፍ-2 አልፋን፣ ይመስላል። ሕዋሱ በቫይረስ ሲጠቃ ፒኬአር የተባለው ኢንዛይም ይህን ማስጀመሪያ ፎስፌት አስሮበት የፕሮቲን ሥራን ሊያቆም ይሞክራል፤ የቫይረሱ ፕሮቲን ግን ማስጀመሪያውን መስሎ በመቅረብ ፒኬአርን ያዘናጋዋል።

እ.ኤ.አ. በ2012 ኔልስ ኤልዴ፣ ሃርሚት ማሊክና ባልደረቦቻቸው ሴል በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ሙከራ በዚህ ዘረመል ላይ የተደረገ ነው። ሌላውን ፒኬአርን የሚቋቋም ዘረመል ከቫክሲኒያ አውጥተው፣ የተዳከመውን ቫይረስ በሰው ሕዋሳት ላይ ዐሥር ጊዜ በተከታታይ አሳደጉት። ቫይረሱ ኬ3ኤልን ደጋግሞ ቀዳ፤ ጂኖሙ ከ7 እስከ 10 በመቶ ሰፋ። ከቅጂዎቹም በአንዳንዶቹ ላይ ፒኬአርን ይበልጥ የሚያሸንፍ አንድ የአሚኖ አሲድ ለውጥ ተገኘ። ጸሐፊዎቹ ይህን አኮርዲዮን ብለውታል፤ ጂኖሙ በችግር ጊዜ ይዘረጋል፣ ጠቃሚው ለውጥ ከተገኘ በኋላ ትርፍ ቅጂዎቹ ሊጣሉና ሊጠበብ ይችላል። ግዙፍ ጂኖም ያለው ቫይረስ ከእርሱ የበለጠ ግዙፍ ከነበረ አባት እየቀነሰ የመጣ መሆን አለበት የሚለው የ2011ዱ ክርክር የተመሠረተው ጂኖም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል በሚል ግምት ላይ ነበር። በዚህ ሙከራ ግን የፈንጣጣ ዘመድ የሆነው ቫይረስ በቤተ ሙከራ ሳሕን ውስጥ፣ በዐሥር ዙር ብቻ፣ በተመራማሪዎቹ ዓይን ፊት አደገ።